ሊኔያ የሰረዘችው ስም

በሩ ላይ ያለችው መስተዋት ከመጽሐፍ ገጽ አትሰፋም። ሊኔያ ኖርዳል ግንባሯን አስጠግታ ወደ ልምምድ ሜዳው ስታይ፣ አንሰን ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ነበር። ካየችው ዓመት ሊሞላው ነው። ፀጉሩን አሳጥሮታል። ያ ግራጫ ሹራብ ግን አሁንም እላዩ ላይ ነው፤ ክርኑ ጋ ያለው ቀዳዳ ሰፍቶ እንደሆነ እንጂ አልተጠገነም።

ኳሱ ከቅርጫቱ ሲወርድ አንሰን መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል፤ በሁለት እጁ አዙሮ ስፌቱን አግድም ያደርግና ወደ ወርዋሪዋ ቀኝ ጎን ይልከዋል። ወርዋሪዋ ጣቶቿን ማስተካከል ሳያስፈልጋት ወዲያው እንድትወረውር ነው። ሊኔያ ይህን አቀባበል በጨለማም ቢሆን ትለየዋለች። አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ኳስ ከዚያ እጅ ተቀብላለች።

ዛሬ ተቀባይዋ ሌላ ናት። ቴጋን ትባላለች፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ።

አንሰን ይቆጥራል። አሥራ ሰባት። ኳሱ ገባ። አሥራ ስምንት። ልጅቱ ኳሱን እንደያዘች አንድ ነገር አለችው፤ ምን እንዳለችው በበሩ በኩል አይሰማም። አንሰን ሳቀ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ነው የሳቀው።

ያን ሳቅ ለማግኘት ሊኔያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶባታል።

በሩን አልከፈተችውም። በመጣችበት መተላለፊያ ተመለሰች፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሳች፤ መሪውን ይዛ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከውጭ በረዶው ይወርዳል።

* * *

ከተማዋ ኤልም ክሪክ፣ ሴት ልጅ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ለማየት ሰው ላሙን ሳያልብ የሚወጣበት አገር ነው። የሊኔያን ስም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። በኮሌጁ በአራት ዓመት ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ነጥብ አስቆጥራለች፤ ከእሷ በፊት ሴትም ሆነ ወንድ ይህን ያህል አላስቆጠረም። በአንድ ጨዋታ አርባ ሰባት አስገብታ የኮሌጁን ክብረ ወሰን የያዘችበትን ዕለት ደግሞ የከተማው ሰው እንደ ልጁ የልደት ቀን ያስታውሰዋል። የምግብ ቤቱ ባለቤት የአሳማ ጥብስ ሳንድዊቹን አርባ ሰባት ብሎ ሰይሞታል፤ ሥጋው ከዳቦው በሁሉም ጎን ተርፎ ይወጣል።

የአንሰን ክሬገር ስም ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። እሱ ከልምምድ ወንዶቹ አንዱ ነው። የሴቶቹ ቡድን በየቀኑ የሚለማመደው ከወንድ ተማሪዎች ጋር ሲሆን፣ እነዚህ ወንዶች አይከፈላቸውም፤ በጨዋታ ቀን ማልያ አይለብሱም። ሥራቸው የሚመጣውን ተጋጣሚ መሆን ነው። አንድ ሳምንት ግራኟን ይሆናሉ፤ በሌላው ሳምንት ደግሞ በሁለት ሰው መሃል ሰንጥቃ የምታልፈውን። አንሰን የአሳማ አርቢ ልጅ ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ያጠናል። አራት ዓመት ሊኔያን እንዲከላከል የተመደበው እሱ ነበር።

ፍቅራቸውም እዚያው ወለል ላይ በቀለ። ሁለቱም ዝምተኞች ናቸው። "ክርንሽ ወጣ" ይላታል፤ "እግርህ ዘገየ" ትለዋለች፤ ከዚያ ያለፈውን ዓይን ለዓይን ይጨርሱታል። እወድሻለሁ የተባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በምረቃዋ ዕለት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ። ያን ሲላትም የሚያየው የገዛ ጫማውን ነበር።

ከዚያ ሺህ ማይል ርቆ ያለ የፕሮፌሽናል ቡድን መረጣት። ሊኔያ በሄደች በወሩ ያወቀችው ነገር ቢኖር፣ እዚያ ያለችው ሁሉ በየኮሌጇ ክብረ ወሰን የሰበረች መሆኗን ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስድስት ደቂቃ ትጫወታለች፤ አንዳንዴ አራት። አንሰን ጨዋታዎቹን በቴሌቪዥን ያይና በማግስቱ ደብዳቤ ይጽፍላታል። ስልክ ላይ ሁለቱም ዝም ስለሚሉ ወረቀት ይሻላቸው ነበር። ደብዳቤዎቹ ስለ ኳስ ናቸው። ሊኔያ ግን እያንዳንዷን መስመር እንደ ፍቅር ቃል ታነባት ነበር፤ ደግሞም ነበረች።

በነሐሴ አንድ ምሽት ጨዋታው አልቆ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳትገባ ቀረች። ክፍሏ ስትገባ የጠበቃት ደብዳቤ ከሳምንት በፊት የተጻፈ ነው፤ ኳሱ ከእጅሽ የሚወጣው ዘግይቶ ነው፣ ጉልበትሽ ፈርቷል፣ ይላል። እውነት ነበር። እውነት መሆኑም ነው ያቃጠላት። በአንድ መስመር መለሰችለት፤ ስለ ኳስ አትጻፍልኝ፣ አሰልጣኝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ብቻ መጣ። አንዱ አሥራ አራት ግልገል ስለወለደች አሳማ ያወራል። ሁለተኛው ስለ መጀመሪያው በረዶ ነው፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከዚያ ምንም።

ሊኔያ የብርዱን ወራት ልትጫወት ቱርክ ሄደች። በኅዳር ኮሌጁ ደወለላት፤ ማልያዋን ጣሪያ ላይ ሊሰቅሉት ነው፣ ቁጥሯንም ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም። በደንቡ መሠረት በጨዋታው ዕረፍት ላይ ወደ ሜዳው መሃል አብረዋት የሚሄዱ ሁለት ሰዎች እንድትመርጥ ጠየቋት። እናቴ፣ አለች፤ ከዚያ አንሰን ክሬገር። በአፏ ያልቻለችውን ነገር ዝርዝሩ እንዲልላት ነበር። ኮሌጁም ጥሪውን ለአንሰን ላከለት።

በጥር ደግሞ አንድ አጭር ቪዲዮ አየች። ቴጋን የምትባል ልጅ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አስቆጥራ፣ ላቧን እየጠረገች፣ ማንን ታመሰግኛለሽ ስትባል ሳታስብ አንሰንን አለች። ስሙን ስትጠራ ጉንጯ ቀላ።

ሊኔያ በዚያው ቀን ለኮሌጁ ደወለች። ሁለተኛውን ስም አውጡት፣ አለች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

* * *

በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ እራት ላይ፣ እናቷ ሎሬን ቺሊ የሚሉትን ቅመም የበዛበት የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር አቀረበች፤ እንደ አገሩ ልማድ ጣፋጩ ዳቦ በወጡ ውስጥ እየተነከረ ይበላል። ሎሬን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ልጇ ከቱርክ በመጣች በማግስቱም ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄዳ ነበር። የመንደሩን ወሬ ሁሉ ካወራች በኋላ አንሰን ባለፈው ሳምንት መጥቶ እንደነበር ነገረቻት። ለእሑዱ ሥነ ሥርዓት ምን ዓይነት ከረባት እንደሚያስር ሊጠይቃት ነው የመጣው።

የሊኔያ ማንኪያ ባለበት ቆመ። ስሙ መሰረዙን የነገረው የለም ማለት ነው።

"የወንድሙን ኮት ተውሷል" አለች ሎሬን። "እጅጌው አይደርስለትም። ለብሶ ሲያሳየኝ ሳቄ መጣብኝ፤ ደግሞ አሳዘነኝ። ሰማያዊ እሰር አልኩት።"

"ጥሩ።"

"ጥሩ ነው የምትዪው? ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ምንም አልሆንኩም እማዬ።"

"ስሚ ሊኒ፣ እኔ ሠላሳ ልጅ በመስተዋት እያየሁ የምነዳ ሴትዮ ነኝ። ምንም የሚል ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ምን እንደሚሠራ አሳምሬ አውቃለሁ።"

ሊኔያ ሳህኗን ገፋ አደረገች። እናቷ ሳህኑን እያነሣች ስለራሷ ጊዜ ማውራት ጀመረች። ያኔ በዚህ አገር ሴቶች የሚጫወቱት ስድስት ለስድስት ነበር። ሦስቱ ይከላከላሉ፣ ሦስቱ ያጠቃሉ፤ ተከላካይ ከመሃል መስመሩ አታልፍም። ሎሬን ተከላካይ ነበረች። አራት ዓመት ተጫውታ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቅርጫት ወርውራ አታውቅም፤ ኳሱን እስከ መስመሩ አድርሳ ለሌላ ማቀበል ብቻ ነበር።

"እኔን ሕጉ ከለከለኝ" አለች ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። "እናንተን ማን ከለከላችሁ? ያንተ ድርሻ ይኼ፣ የኔ ድርሻ ይኼ እያላችሁ መስመሩ ላይ ተገትራችሁ ቀራችሁ። ሕጉ ከተለወጠ እኮ ሠላሳ ዓመት አለፈው።"

ሊኔያ ወደ ክፍሏ ገብታ ስልኳን አነሣች። ስሙን አወጣችው። አንድ ጊዜ መደወል ብቻ ነበር የሚበቃው። አትምጣ ማለት፤ ወይም ይቅርታ ማለት፤ ወይም ለኮሌጁ ደውላ ስሙን ማስመለስ። ጣቷ እዚያው እንዳለ የልጅቱ ጉንጭ መጣባት፤ ከዚያ ያ ወደ ኋላ የተጣለ አንገት። ከረባቱን አስሮ ይምጣ፣ አለች በሆዷ። መጥቶ ይቅመሳት።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አያውሱም ይባላል። ማጭዱ ግን እጇ ላይ ነበር። ስልኩን በፊቱ ደፍታ ተኛች። ሐሳቧ ለትንሽ ጊዜ ጣፈጣት፤ ከዚያ አፏ ውስጥ መረረ።

* * *

ጨዋታው እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ስድስት ሺህ ሰው ገብቷል። ሊኔያን ከፊተኛው ረድፍ፣ ከእናቷ ጎን አስቀመጧት። ሰው ሁሉ እየመጣ እጇን ይጨብጣል፤ በትልቁ ሊግ ስንት ደቂቃ እንደምትጫወት ግን አንድም የጠየቃት የለም። ይህ የአገሩ ሰው ጨዋነት ነው፤ ከጥያቄው ይልቅ እሱ ነበር የሚያማት።

ቴጋን ታስቆጥራለች። ከቀኝ፣ ከግራ፣ ሰው ተንጠልጥሎባት። ሊኔያ በየሙከራው ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሳቺ፣ ሳቺ ትላለች በልቧ፤ ኳሱ ሲገባ ከሌላው ጋር ታጨበጭባለች። ልጅቱ ከመወርወሯ በፊት ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ኋላ ትስባለች። ይህ የሊኔያ ነበር። ማንም አላስተማራትም፤ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት የነበረ ጊዜ ለመደባት። ለአንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሊያስተምረው የሚችለው ሰው አንድ ብቻ ነው። የሰጠሁትን ሁሉ አንሥቶ ለእሷ ሰጣት፣ አለች፤ ዓይኗን ያቃጥላት ጀመር።

ዕረፍት ሲሆን ቴጋን ሃያ ሰባት ላይ ነበረች።

ሊኔያንና እናቷን ወደ ሜዳው በሚያስገባው መተላለፊያ ወሰዷቸው። አንሰን እዚያ ቆሟል። ኮቱ ጥቁር ነው፤ የእጁ አንጓ ከእጅጌው ውጭ ቀርቷል። ሰማያዊ ከረባት አስሯል፤ አስተሳሰሩ የሚያምር ነው፣ የእሱ እጅ ሥራ አይመስልም። ሊኔያን ሲያያት ፊቱ እንዳለ ተከፈተ፤ እሷ የጠበቀችው የበደለኛ ፊት አልነበረም።

የኮሌጁ አስተናባሪ ዝርዝሩን ይዛ መጣች፤ ወረቀቱን አየች፣ አንሰንን አየች፣ ደግማ ወረቀቱን አየች። በዝቅተኛ ድምፅ ስሙ እንደሌለ፣ የሚገቡት ሊኔያና እናቷ ብቻ እንደሆኑ ነገረችው። ሎሬን አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ልጇን አየቻትና ተወችው። አንሰን ወደ ሊኔያ ዞረ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ወረቀት ነው እንጂ አዋጅ አይደለም፤ ና ብትለው ይገባ ነበር።

"እናቴ ብቻ ናት" አለች ሊኔያ።

"እሺ" አለ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከመንገዳቸው ዘወር አለላቸው፤ ከዚያ እጁን ዘረጋ። "ካፖርትሽን ልያዝልሽ። ካፖርት ለብሰሽ አትገቢም።"

አውልቃ ሰጠችው። ጣታቸው ተነካካ። ቀዝቃዛ ነበር ጣቱ።

ስሟ ተጠራ፤ ስድስት ሺህ ሰው ተነሣ። ሊኔያ የእናቷን ክንድ ይዛ እስከ መሃል ሄደች። ማልያው በገመድ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ሁሉም ወደ ላይ አየ፤ እሷ ግን ዞራ ወደ መተላለፊያው ነበር የምታየው። ካፖርቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ በጥንቃቄ ታጥፎ። አንሰን የለም።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለች ሎሬን ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። "አሁን ደስ ብሎሻል?"

* * *

ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቴጋን አርባ ስድስት ላይ ሆና ጥፋት ተሠራባት፤ ሁለት ቅጣት ምት አገኘች። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዳንዱ ሰው ፊቱን ወደ ሊኔያ መለሰ። የመጀመሪያው ገባ፤ አርባ ሰባት። ልጅቱ ኳሱን አዞረችና ስፌቱን አግድም አደረገች፤ ሁለተኛውም ገባ።

ሊኔያ ሕመሙን ጠበቀችው። ይህን ቀን ስትፈራው ኖራለች፤ አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጥታ ስትወስድባት ምን እንደምትሆን በቱርክ ሆቴሎች ውስጥ ስንት ጊዜ አስባዋለች። አሁን ግን ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጮህ እሷን የሚወጋት የዚያ የታጠፈ ካፖርት ነገር ነበር። ክብረ ወሰኗ ሲሄድ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ በመተላለፊያው ስትወጣ ቴጋን ከኋላ ጠራቻት። የጨዋታውን ኳስ በብብቷ ይዛለች፤ ፊቷ ግን የደስተኛ ሰው ፊት አልነበረም።

"አንቺን ጠልቼሽ ነው የከረምኩት" አለች ልጅቱ። "ልንገርሽ ብዬ ነው።"

ሊኔያ ካፖርቷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

"ከመስከረም ጀምሮ ስምሽን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ሊኔያ እዚህ ጋ ትቆም ነበር። ሊኔያ ሲደክማት እግሯን ትስብ ነበር። ትናንት እንኳ አሥራ ስምንት አስገብቼ 'ሊኔያ ሃያ ሳትሞላ ውሃ አትጠጣም' ይለኛል። 'እንግዲያው ሄደህ እሷን አግባት' አልኩት። በሳቅ ሞተ።"

ሊኔያ ግድግዳውን ተደገፈች። ያ ሳቅ የእሷ ነበር።

"ትወጂዋለሽ?" አለቻት፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ቴጋን ትከሻዋን ሰበቀች። "ብወደውስ? ሰውየው የሚያየው ወለሉ ላይ አንቺ የቆምሽበትን ቦታ ነው። ከረባቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ እሱ ሦስቴ አስሮ ሦስቴ ፈትቶታል፤ ለእኔ መስሎሽ? አሁን ሲወጣ ቢሮው ተሳስቶ ነው አለኝ። እኔ ግን ሴት ነኝ፤ የማን ሥራ እንደሆነ አይጠፋኝም።" በእጇ ወደ ሰሜን አመለከተች። "የኮሌጁ አሳማ በረት ጋ ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ተራው ነው።"

ልጅቱ ኳሷን አቅፋ ስትሄድ ሊኔያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን አየችው፤ የልጅ ጀርባ ነበር፣ የሚያሳዝን።

* * *

በረቱ ውስጥ ሙቀት የሚሰጡት ቀይ መብራቶች በርተዋል። አንሰን የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ ተንበርክኳል፤ አዲስ የተወለዱትን ግልገሎች አንድ በአንድ እያነሣ እምብርታቸውን መድኃኒት ይቀባል። ከረባቱን ፈትቶታል፤ ጫፉ ከኪሱ ይታያል። ቀና ብሎ አያትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ካፖርትሽን አገኘሽው?"

"አገኘሁት።"

"ገባላት አሉ።"

"አርባ ስምንት።"

"ይቅርታ" አለ። "ያንቺ ነበር።"

ሊኔያ አጥሩን ይዛ ቆመች። አሳማዋ ታቃስታለች፤ ግልገሎቹ ይራገጣሉ። አንሰን ሳያያት፣ ቃሉን እየመረጠ ቀጠለ። በጥር ቢሮው ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ተቀጥራለች፤ ዝርዝሩን ስትገለብጥ ስሙን የዘለለችው ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ይህን ብሎ ዓይኑን አነሣ። በር ከፍቶላት ነበር። ልክ ነህ ብትለው ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ማንም አያውቅባትም፤ ማታ አብረው እራት ይበሉ ነበር።

"እኔ ነኝ የሰረዝኩት" አለች።

ግልገሉ እጁ ላይ ቀረ።

"ለምን?"

"ቀናሁ።" ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቆዳዋን የገፈፈው መሰላት። "በቴጋን። በሳቅህ። ኳሱን አዙረህ ስትሰጣት አየሁህ፤ ስፌቱን። ክብረ ወሰኑን ትውሰደው፤ እሱን ግን ለእኔ ብቻ የምታደርገው ይመስለኝ ነበር።"

"እጄ ሌላ አያውቅም እኮ ሊኒ። ባንቺ ነው የለመደው።"

ግልገሉን ወደ እናቱ መለሰና ወገቡን ይዞ ተነሣ። ስለ ኳስ አትጻፍልኝ ያለችውን ዕለት አስታወሳት። ሌላ ምን እንደሚጻፍ አያውቅም ነበር፤ ስለ አሳማ ጻፈ፣ ስለ በረዶ ጻፈ። ሦስተኛውን ውድ ሊኔያ ብሎ ጀመረና ቆመ፤ ከእንግዲህ የቀረው ስለ ራሱ ሆድ መጻፍ ነበር፤ ያን እጁ አልደፈረም። በቴሌቪዥን ደግሞ ከጨዋታ በፊት ኳስ የሚመልስላትን አንድ ረጅም ሰው ያይ ነበር።

"ጥርሱ ነጭ ነው" አለ።

"አምስት ልጅ አለው አንሰን።"

"ቢኖረውም። ጥርሱ ነጭ ነው።"

ሊኔያ ልትስቅ ስትል ፊቱን አየችና ተወችው። አንሰን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት፤ "ትናንት ታውቂ ነበር? እንደምመጣ?"

ይኸኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል። ስሙን በጥር፣ በሩቅ አገር፣ በደም ፍላት ነበር የሰረዘችው። ትናንት ግን አልጋዋ ላይ ሆና፣ አስባበት ነው።

"እናቴ ነግራኝ ነበር። ስልኩን ይዤ ነበር። እንድትቀምሰው ፈልጌ ተውኩት።"

አንሰን ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ታጠበ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ጀርባውን እንደሰጣት ነው የተናገረው።

"ዛሬ ይቅር ልልሽ አልችልም።"

"እሺ።"

"እሺ አትበይኝ። ዛሬ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቁጣዬን ውጬ ነው ያልኩት። ስቆጣ ምን እንደምመስል እንኳ አታውቂም።"

"አሳየኝ" አለች ሊኔያ።

አንሰን ዞረ። በአምስት ዓመት ውስጥ ያላወራውን ያህል በሩብ ሰዓት አወራ። አልጮኸም፤ ቃላቱ ግን አንዱ ባንዱ ላይ እየወደቀ መጣ። ስለ አጭሩ እጅጌ ተናገረ፤ ኮቱን ለመዋስ ሲል ተኳርፎት ከኖረው ወንድሙ ጋር ስላደረገው እርቅ፤ በየሳምንቱ ሌላ ሰው ሁን እየተባለ ስላለፈው አምስት ዓመት፣ ይህ አንድ ቀን ግን በራሱ ስም የሚጠራበት እንደነበር። መጨረሻ ላይ ያለው ነው ሊኔያን አንበርክኮ ያስቀመጣት። አባቱ ጨዋታ ሊያይ መጥቶ አያውቅም፤ ኳስ ለሥራ ፈት ነው ይል ነበር። ዛሬ ግን አሳማዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ ሦስት ሰዓት በበረዶ ነድቶ መጥቶ ላይኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ልጁ ወደ መሃል ሲሄድ ሊያይ።

"ስወጣ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ምንም አላለኝም። ትከሻዬን ብቻ መታ መታ አደረገኝ።"

ሊኔያ እንባዋን አልጠረገችውም። ገለባው ላይ እንደተቀመጠች አባቱ የት እንዳለ ጠየቀችው። ከዚህ አሥር ደቂቃ የማያስኬድ የአንሰን ክፍል ውስጥ ነው፤ ነገ ማለዳ ይመለሳል።

"ሄጄ ልንገረው" አለች። "ልጅህ ተሳስቶ አይደለም፣ ቢሮውም አይደለም፣ እኔ ነኝ ልበለው። ለምን እንደሆነም ልንገረው።"

"አባቴን አታውቂውም። ይንቅሻል።"

"ይናቀኝ።"

አንሰን ለረጅም ጊዜ አያት። ሜዳ ላይ ሲከላከላት በየትኛው በኩል እንደምትሄድ ሊያውቅ እንዲህ ያያት ነበር፤ ዛሬ ግን ያወቀ አይመስልም። በረቱን ለሌላው ተረኛ አስረክቦ ኮቱን ደረበ።

ውጭ ብርሃኑ ሊሄድ ነው፤ የበቆሎው እርሻ ነጭ ሆኖ እስከ ጎተራዎቹ ድረስ ተዘርግቷል። በረዶው ላይ ጎን ለጎን ሄዱ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትቷል። ሊኔያ ያን ክፍተት ለማጥበብ አልደፈረችም። ምን ብላ እንደምትጀምር ታስባለች፤ ጋሼ ልበለው ወይስ በስሙ ልጥራው ትላለች። አንሰን እጇን አልያዛትም፤ ቁጣው እላዩ ላይ እንዳለ ነው። ረጃጅም እግሩን ግን በእሷ እርምጃ ልክ እያሳጠረ ነበር የሚሄደው።

ያን ስታስተውል ሊኔያ ትንፋሿ ተቆረጠ። ቅናት ያማል ብላ የኖረች ሴት፣ ተስፋ እንዲህ እንደሚያም አታውቅም ነበር።